የጥርስ ራጃችንን ስጡን

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ሰላም ብያለሁ። ድሬዳዋ ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም። የምጽፍላችሁ ሰሞኑን ቡና ላይም፣ በርጫ ላይም፣ ባጃጅ ውስጥም የምሰማው አንድ ወሬ ስላሰለቸኝ ነው። የጥርስ ራጅ የታይሮይድ ካንሰር ያመጣል ይባላል። አንዱ በቴሌግራም ይልካል፣ ሌላው ያስተላልፋል፣ ሦስተኛው «የአክስቴ ጎረቤት እኮ እንደዚያ ሆና ነው» ይላል፣ በቃ አለቀ፣ እውነት ሆነ። አቦ፣ እስቲ ረጋ እንበል።

ወሬው ወሬ ሆኖ ቢቀር ባልጻፍኩ። ሰፈራችን አንዲት እናት አለች። የልጇ መንጋጋ አብጦ ሐኪሙ «ራጅ ይነሳና እንየው» ሲላት እምቢ ብላ ልጁን ይዛ ወጣች። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዛች። እብጠቱ ሲጎድል ዳነ ብላ ተወችው፣ ተመልሶ ሲያብጥ ደግሞ ገዛች። በመጨረሻ የልጁ ዓይን እስኪጨፈን ፊቱ አብጦ ሆስፒታል ተኛ። ከጥርሱ ሥር የተቋጠረው መግል መጀመሪያውኑ በአንዲት ትንሽ ራጅ ሊታይ የሚችል ነገር ነበር። እሷን አልወቅስም። ፈርታ ነው፣ ያስፈራት ደግሞ የሰማችው ነው።

ፍርሃቱ ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም፣ ይሄን መካድ አያስፈልግም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ኤክስሬይን፣ ማለትም የራጁን ጨረራ፣ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ጋር ነው የመደበው። አንገታችን ላይ ያለችው የታይሮይድ ዕጢ ደግሞ፣ በተለይ በልጅነት፣ ለጨረራ በጣም ስስ ከሆኑት የሰውነት ክፍሎች አንዷ ናት። ጃፓን ውስጥ ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ በ1945 እ.ኤ.አ. የአቶም ቦምብ ከተጣለ በኋላ የተረፉት ሰዎች ለአሥርት ዓመታት ክትትል ሲደረግባቸው፣ በልጅነታቸው የተጋለጡት ላይ የታይሮይድ ካንሰር በግልጽ ጨምሮ ታይቷል። ካደጉ በኋላ የተጋለጡት ላይ ግን ነገሩ በጣም ደካማ ነው። ቼርኖቤልም አለ። ሚያዝያ 1986 እ.ኤ.አ. ዩክሬን ውስጥ ያለው የቼርኖቤል የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ሲፈነዳ ሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ሣሩ ላይ አረፈ፣ ላሞች በሉት፣ ልጆች ወተቱን ጠጡ። እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በሩሲያ በአደጋው ጊዜ ልጅ በነበሩ ሰዎች ላይ ከ6,000 በላይ የታይሮይድ ካንሰር ተመዝግቧል፣ የዚህ ጉልህ ድርሻ ከዚያ ወተት ጋር የተያያዘ ነው።

ታዲያ ምኑን ነው የምትከራከሪው ትሉኝ ይሆናል። የምከራከረው በመጠኑ ነው። በቼርኖቤል ዙሪያ ከቤታቸው የተነሱት ሰዎች ታይሮይዳቸው ላይ ያረፈው ጨረራ በአማካይ በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊግሬይ ነበር (ሚሊግሬይ አንድ የሰውነት ክፍል የተቀበለው ጨረራ የሚለካበት ነው)። አንዲት ትንሽ የጥርስ ራጅ ታይሮይድ ላይ የምታደርሰው ግን የአንድ ሚሊግሬይ ቅንጣት ነው። ሁለቱን አንድ ማድረግ፣ የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ሞልቶ ሰፈር ጠርጎ ስለሄደ ከእንግዲህ ብርጭቆ ውሃ አልጠጣም እንደማለት ነው።

ተማሪዎቼ ቁጥር ካላዩ ስለማያምኑኝ እናንተም ታገሱኝ። በዓለም ላይ አንድ ሰው ምንም ሕክምና ሳያደርግ ከአፈር፣ ከድንጋይ፣ ከምግብና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ጨረራ ያገኛል። ሲቨርት ጨረራ በጠቅላላ ሰውነታችን ላይ የሚያደርሰው ስጋት የሚለካበት ነው፣ አንድ ሚሊሲቨርት 1,000 ማይክሮሲቨርት ነው። በቀን ሲመነዘር ከ6 እስከ 7 ማይክሮሲቨርት መሆኑ ነው። አፍ ውስጥ ትንሽ ሰሌዳ ወይም ፊልም አስነክሰው የሚያነሷት ራጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ማይክሮሲቨርት በታች ናት፣ ማለትም እንዲሁ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ በአንድ ቀን የምታገኙት ያህል። ፊት ላይ የሚዞረው፣ ሙሉ መንጋጋውን በአንዴ የሚያሳየው ትልቁ ራጅ ደግሞ የጥቂት ቀናት ያህል ነው። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር የሚኖር ሰው እኮ፣ ከፍታው ወደ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ፣ 1,200 ሜትር ላይ ከምንኖረው ከእኛ ከድሬዎች ይልቅ ከሰማይ የሚመጣ ጨረራ ትንሽ ጨመር ብሎ ያገኛል። በዚህ ምክንያት ሐረር አልሄድም ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

የተለየ ጥንቃቄ የሚፈልግ አንድ ዓይነት አለ። ጥርስና መንጋጋን በሦስት አቅጣጫ የሚያሳየው፣ ጥርስ ለማስተከልና ለከባድ ቀዶ ሕክምና የሚታዘዘው ራጅ ነው። የእሱ መጠን እንደ ማሽኑና እንደ ምስሉ ስፋት በጣም ይለያያል፣ ከአሥርዎች እስከ ብዙ መቶ ማይክሮሲቨርት ይደርሳል። እሱን «ለማንኛውም እንየው» ብሎ የሚያዝ ሰው ካጋጠማችሁ ለምን እንደሆነ ያስረዳችሁ።

ሁሌ የሚነሳ ሌላ ጥያቄ አለ። «ጉዳት ከሌለው ለምን ባለሙያው ሮጦ ከክፍሉ ይወጣል?» ጥሩ ጥያቄ ነው። እናንተ የምትነሱት አልፎ አልፎ ነው፣ እሱ ግን ሥራው ስለሆነ ቀኑን ሙሉ፣ ዓመት ከዓመት ሰው ሲያነሳ ነው የሚውለው። እያንዳንዷ ትንሽ ብትሆንም የእሱ ድምር ሌላ ነው። በዚያ ላይ እሱ ከራጁ የሚያገኘው ጥቅም የለም፣ የታመመው የእናንተ ጥርስ ነው።

አሁን ወደ ወሬው ምንጭ ልምጣ። ጥናት የለም ማለት ውሸት ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣ የኩዌት ጥናት አለ። 313 የታይሮይድ ካንሰር ሕሙማን በቁጥር እኩል ከሆኑ ሕመሙ ከሌለባቸው ሰዎች ጋር ተነጻጽረው፣ የጥርስ ራጅ ተነስተናል ባሉት ላይ ካንሰሩ የመገኘት ዕድሉ እጥፍ ገደማ ሆነ። የራጁ ብዛት ሲጨምርም ስጋቱ አብሮ ይጨምር ነበር። ይሄ ዝም ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ሰዎቹ ስንት ጊዜ እንደተነሱ የታወቀው ከክሊኒክ መዝገብ ሳይሆን ራሳቸው ተጠይቀው ነው። ካንሰር የያዘው ሰው «ምን ነክቶኝ ይሆን» ብሎ የዕድሜውን ሙሉ ታሪክ ሲበረብር የከረመ ነው፣ ጤነኛው ግን ከአሥር ዓመት በፊት የተነሳውን ራጅ ለምን ያስታውሳል? ደግሞም ጥርሱን ደጋግሞ የሚታይ ሰው አንገቱንም ሌላውንም የመመርመር ዕድሉ ሰፊ ነው፣ ፈልገው ያገኙታል። ስለዚህ ጥናቱ «ተጠንቀቁ» ሊያሰኝ ይችላል፣ «ተረጋግጧል» ግን አያሰኝም። ቴሌግራም ላይ ሲደርስ ይሄ ሁሉ ተገፎ «ሳይንቲስቶች አረጋገጡ» ሆነ።

የእኔ አቋም ይሄ ነው። ምክንያት ላለው አንድ ራጅ አንገቱን የሚይዝ ሰው ይሳሳታል፣ ያለ ምክንያት ለሚደጋገም ራጅ ዝም የሚል ሰውም እንዲሁ ይሳሳታል። የእኛ ከተማ ትልቁ ችግር ሁለተኛው ነው፣ ማንም ሲያወራው ግን አልሰማም።

ልጄ ጥርሷን ሽቦ ልታሳስር አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ትልቁን ራጅ ተነሳች። ዋጋው ስላልተስማማን ሌላ ክሊኒክ ሄድን። «ራጁስ?» አሉን። የለንም፣ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ቀርቷል። ተመልሼ ስጠይቅ የመጀመሪያው ክሊኒክ «ለውጭ አንሰጥም» አለኝ፣ ልክ የእነሱ ጥርስ ይመስል! ሁለተኛው ደግሞ «ችግር የለም፣ እኛ እናነሳታለን» አለ። ለእነሱ ችግር የለውም፣ ተጨማሪ ብር ነው። ጨረራውን የምትቀበለው ግን ልጅ ናት፣ ያውም ታይሮይዷ ስስ በሆነበት ዕድሜ፣ ያውም ምንም አዲስ ነገር ለማያሳይ ምስል። ከፍዬ ተነሳች፣ ምን አማራጭ ነበረኝ።

የደረት ራጅ ስንነሳ እኮ ትልቁን ፊልም በፖስታ አድርገው ይሰጡናል፣ ቤታችን ቁም ሳጥን ላይ ተደርድሮ አለ። የጥርሱ ዲጂታል ሲሆን የት ገባ? በስልክ ለመላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እናንተም የድሬና የሐረር ሰዎች፣ ከክሊኒክ ስትወጡ «ምስሉን በቴሌግራም ላኩልኝ» በሉ። ለወሬ የምንጠቀምበትን ቴሌግራም አንድ ቀን እንኳ ለቁም ነገር እናውለው።

ሌላው ራጅ ስንነሳ ጨረራ እንዲከልል የሚያለብሱን የሊድ (የእርሳስ ብረት) ልብስና የአንገት መከላከያው ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር በ2024 እ.ኤ.አ. እነዚህ ከእንግዲህ አያስፈልጉም ብሏል። ይሄን ሰምተው «አሜሪካኖቹ እንኳ ትተውታል» የሚሉ ክሊኒኮች አሉ። ጥሩ፣ ግን ለምን ተዉት? ዛሬ ያለው ዲጂታል መቀበያ ትንሽ ጨረራ ስለሚበቃውና ጨረሩም ምስሉን በሚያህል ጠባብ አራት ማዕዘን ተገድቦ ስለሚወጣ ነው። በ1896 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር የመጀመሪያው የጥርስ ራጅ ሲነሳ 25 ደቂቃ ነበር የፈጀው። ዛሬ የሴኮንድ ሽራፊ ነው። እኛ ጋ ግን አሮጌ ፊልም የሚጠቀም፣ ሰፊ ክብ አፍ ያለው ማሽን ይዞ «አሜሪካ» ማለት አይሆንም። ማሽኑ እንደዚያ ከሆነ መከላከያው ይኑር፣ ለልጆች በተለይ። እዚህ ላይ ለወላጆችም አንድ ነገር ልበል፦ ለዚያ ፊት ላይ ለሚዞረው ትልቅ ራጅ የአንገት መከላከያው ምስሉን ስለሚጋርድ ባለሙያው ቢያወልቀው አትጣሉት። ተጋርዶ ከተበላሸ እንደገና ነው የሚነሳው። እርጉዝ የሆነች ደግሞ ቀድማ ትናገር።

ስለ ታይሮይድ ከተነሳ ዝም ብዬ የማላልፈው ጉዳይ አለ፣ ጨው። ከ20 ዓመት ገደማ በፊት በአገር ደረጃ ሲጠና ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ከሆኑ ልጆች ወደ 40 በመቶ የሚጠጉት እንቅርት፣ ማለትም የታይሮይድ ዕጢ እብጠት፣ ነበረባቸው፣ ዋናው ምክንያትም የአዮዲን እጥረት ነው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን ይኑረው ይላል። ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ስትሄዱ ግን ጨው በተከፈተ ማዳበሪያ በዚያ በድሬ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ ታያላችሁ። አዮዲን ሙቀትና እርጥበት አይወድም፣ ይተናል። እንቅርት ሁሉ ካንሰር አይደለም፣ አብዛኛውም አይደለም። ግን አንገቱ ላይ እብጠት ያየ ሰው የጥርስ ራጁን ከመቁጠር ሐኪም ዘንድ ይሂድ፣ ቤቱም ጨዉን ክዳን ባለው ዕቃ ያስቀምጥ። ለአንገታችን የምንጨነቅ ከሆነ መቼም እዚህ ላይ ብዙ የሚሠራ ነገር አለ።

ለእናንተ ለጋዜጠኞቹ ጥያቄ አለኝ። በአዋጅ ቁጥር 1025/2009 መሠረት የጨረራ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መጠቀም አይቻልም። እስቲ ድሬዳዋና ሐረር ያሉ የጥርስ ክሊኒኮች ዘንድ ሂዱና ጠይቁልን። የማሽናችሁ ፈቃድ የታለ? መጨረሻ የተመረመረው መቼ ነው? ግድግዳ ላይ ለምን አይለጠፍም? ሁለቱንም የጤና ቢሮዎች ደግሞ ይሄን ጠይቁልን፦ ታካሚ የራሱን የራጅ ምስል ሲጠይቅ ክሊኒኩ የመስጠት ግዴታ አለበት ወይስ የለበትም? ካለበት ይነገረን፣ ከሌለበት ደንብ ይውጣልን። መልሱን ስታገኙ እዚሁ ገጽ ላይ አትሙት፣ ቆርጬ ለልጄ ክሊኒክ እወስደዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንዲት አስተማሪ፣ ከከዚራ፣ ድሬዳዋ