የፊልም ጭጋግ ሁሉ የካሜራ ጥፋት አይደለም

ክቡር አዘጋጅ፣

የልጄን ክርስትና ያነሳሁበትን ባለቀለም ፊልም አንድ ፎቶ ቤት አሳጥቤ ስቀበል፣ ነጋቲቩ (የታጠበው ፊልም) ወተት እንደነካው መስታወት ደብዝዞ፣ ሥዕሎቹም ወደ ሐምራዊ አድልተው ስላገኘኋቸው ምክንያቱን ብጠይቅ «ካሜራዎ ብርሃን ያስገባል» ተባልኩ። ይሁን እንጂ በካሜራ ስንጥቅ የሚገባ ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ጭረት ወይም ነቁጥ የሚተው ሲሆን፣ የእኔን ፊልም በመስኮት ብርሃን አንጻር ስይዘው ድብዛዜው በጠርዙ ቀዳዳዎች መካከል ሳይቀር ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ነበር። እንዲህ ያለው ወተት መሰል ድብዛዜ በአብዛኛው ብሊቹ ወይም ፊክሰሩ፣ ማለትም በእጥበት ጊዜ የብር ማዕድኑን ከፊልሙ የሚያስወግዱት ኬሚካሎች፣ ደክመው በፊልሙ ላይ ብር ሲቀር የሚታይ ነው፤ ደግነቱም ይታረማል። ሌላ ባለሙያ በአዲስ ብሊችና ፊክሰር እንደገና ሲያጥብልኝ የልጄ ነጠላ ነጭነቱን መልሶ አገኘ። ፎቶ ቤቶች ደንበኛን ከመውቀሳቸው በፊት የነጋቲቩን ጠርዝ እንዲመረምሩ፣ ደንበኞችም ነጋቲቫቸውን እንዳይጥሉ አጥብቄ እለምናለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ