ዙሩ የሚቆጠረው ከየት ነው?

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝምታው የሁለታችንም ስለሆነ ወቀሳውን እንተወው።

ያስጻፈኝ አንድ ተማሪዬ ነው። እዚሁ አዘዞ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ልጁ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ቲቸር፣ ሳተላይት አንድ ዙር ጨረሰ የሚባለው የት ሲደርስ ነው?» ወዲያው አንተ ትዝ አልከኝ።

ሰማይ ላይ የተሰመረ ነገር የለም፤ ሰው ተስማምቶ ነው የሚያሰምረው። እኛ ዓመቱን ከመስከረም 1 እንደምንጀምረው ማለት ነው። የተለመደው መነሻ ሳተላይቱ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲሄድ የምድር ወገብን የሚያቋርጥበት ነጥብ ነው። እዚያ ሲደርስ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። ከተወነጨፈ ጀምሮ እስከ መጀመሪያው መሻገሪያ ያለችው ቁራጭ ጉዞ ዙር 0 ናት። አንዳንዱ ግን 1 ብሎ ይጀምራታል፤ ጭቅጭቁም ከዚያ ይመጣል።

ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየወጣ ጎንደር አናት ላይ ሲደርስ፣ ቁጥሩን የቀየረው ከ4 ደቂቃ ገደማ በፊት ኮንጎ ላይ ነው። ጎሃ ኮረብታ ላይ ቆመህ የምታየው ገና ትኩስ ዙር ነው።

እኔን ያስገረመኝ ግን አሜሪካኖች ሰው ጭነው ወደ ጠፈር የላኳቸው የጀሚናይ በረራዎች ጉዳይ ነው፣ ከ1957 እስከ 1959 ዓ.ም. የነበሩት። አሜሪካኖቹ ዙር የሚቆጥሩት መንኮራኩሩ 80 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስን ሲያልፍ ነበር። ምድር ደግሞ ቆማ አትጠብቅም። እሱ በ90 ደቂቃ ዞሮ ሲመለስ እሷ ወደ ምሥራቅ 22 ዲግሪ ተኩል ፈቀቅ ብላለች። መስመሩ ላይ ለመድረስ 6 ደቂቃ ያህል ይጨምራል። በቀን 16 ጊዜ ዞሮ 15 ይጻፍለታል! አንዷን ምድር በልታበታለች።

አንተ የሒሳብ ሰው ነህና ይቺን ደግሞ ስማ። በሚሰራጨው የምህዋር መረጃ ላይ ለዙር የተተወው ቦታ 5 አሃዝ ብቻ ነው። የጠፈር ጣቢያው 100,000ኛ ዙሩን ግንቦት 8 ቀን 2008 ዓ.ም. ደፍኗል። ከ99999 በኋላ ቆጠራው ወደ 0 ይመለሳል። ምነው የባንክ ብድርም እንዲህ ቢሆን!

ልጁ በማግስቱ ሌላ ይዞ መጣ። የቴሌቪዥን ሳተላይቶች የምድር ወገብን ተከትለው ነው የሚዞሩት፤ ታዲያ የቱ ጋ ያቋርጡታል? ፍጹም ሳያዘነብል የሚዞር የለም፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ ማለቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ያቋርጣል አልኩት። አሳምኜዋለሁ ብዬ ግን አልምልም። አንተ ብትሆን ምን ትለው ነበር? ጻፍልኝ። ስልክህም የቀየርክ ይመስለኛል፣ አዲሱን አብረህ ላክ።

ያንተው፣
ከጎንደር