ያልነገርኩሽ ምስጋና

ውድ ጓደኛዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሦስት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ መጻፌ እንደሚገርምሽ አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ።

አክስቴ አረፈች። እንጀራዋ ትዝ ይልሻል አይደል? ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ የሷን ደግነት ያወራ ነበር። አንዷ ጎረቤት፣ "አራስ ሆኜ ማንም ዘመድ ሳይኖረኝ፣ ገንፎዬን በየቀኑ ይዛልኝ የምትመጣው እሷ ነበረች" ብላ አለቀሰች። እኔ ግን ጥግ ይዤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የማስበው። ይህን ሁሉ ለራሷ ማን ነገራት? እኔስ ስንት ዓመት ከእጇ በልቼ፣ "እጅሽን ቁርጥማት አይንካው" ከማለት መች አለፍኩ? አባባሉን እወደዋለሁ፤ ምስጋናም ምርቃትም ነው። ግን ለሁሉም እንለዋለን። የሷ እጅ ከሌላው በምን እንደሚለይ አንድ ቀን አልነገርኳትም።

ሰውን ፊት ለፊት ማመስገን እንፈራለን መሰለኝ። ልጅ ሲያምር ዓይን ይበላዋል ብለን ዝም። ሰው ጥሩ ሲሠራ ልቡ ያብጣል ብለን ዝም። ውዳሴ ከንቱን መፍራት ልክ ነው፤ ለጥቅም ብሎ አለቃውን የሚክብ ሞልቷል። ግን እሱን ስንሸሽ እውነተኛውንም አብረን ጣልነው።

ጎህ ሳይቀድ ደጃፍ ላይ እየዘፈኑ የሚያሞግሱት ላሊበላዎች እንኳን፣ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ይጠይቃሉ። ይሄ ነገራቸው ደስ ይለኛል። ምስጋና የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት።

እንግዲህ ያንቺን ልንገርሽ። ዩኒቨርሲቲ እያለን ታምሜ አንድ ወር ከክፍል ስቀር፣ የወሩን ኖት በሙሉ በእጅሽ ገልብጠሽ አመጣሽልኝ። ምንም አላሳጠርሽም። የመምህሩን ቀልድ ሳይቀር ጽፈሽው ነበር፣ እንዳይቀርብኝ ብለሽ። አልጋዬ ላይ ሆኜ ብቻዬን ሳቅኩ። ከታመምኩ ጀምሮ ያን ቀን ነበር መጀመሪያ የሳቅኩት። ያኔ "ቴንኪው" ብዬሽ አለፍኩ። አንቺ ግን ለሰው ስታስቢ፣ ሰው ራሱ መጠየቅ የማያስበውን ጭምር ነው የምታስቢለት። እንዳንቺ ያለ ሰው ከዚያ በኋላ አላጋጠመኝም።

ደብተሩ እስከዛሬ እኔ ጋ ነው። ስልክሽ ካልተቀየረ እሁድ ከሰዓት እደውላለሁ። ስልኩን ለእናትሽም ታቀብያታለሽ፤ ስለ ድፎ ዳቦዋ የምነግራት አለኝ።

ናፋቂሽ