እሷን ራሷን ጠይቋት

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

እህቴ ዓይነ ስውር ናት። ዘንድሮ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ እየፈለገች ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አብሬያት ስሄድ ፈታኙ እሷን ትቶ ወደ እኔ ዞሮ «ኮምፒውተር ትችላለች?» አለኝ። ስልኳን አወጣችና ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብላት ፕሮግራም የራሳቸውን ማስታወቂያ እዚያው አስነበበችው። ዝም አለ። እስካሁን አልደወሉም።

ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 እኮ አሠሪው የሥራ ቦታውንና መሣሪያውን እንዲያመቻች፣ ካስፈለገም ረዳት እንዲመድብ ያስገድዳል። ስንቱ አሠሪ ያውቀዋል? ተማሪ እያለች ብሬል ነበራት፣ የሚያነብላት ጓደኛ ነበራት፣ ከምረቃው ማግስት ግን ሁሉም ቀጥ አለ። ዩኒቨርሲቲዎች እባካችሁ፣ ገና ሳይመረቁ ከአሠሪ ጋር አገናኟቸው፤ ሁለት ወር እንኳ ተለማማጅ ሆነው ይሥሩ።

ነገም ሌላ ፈተና አለባት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ።

ወንድሟ፣ ከአዲስ አበባ