ቤት ፍለጋው መድረሻ ባይኖረውስ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ጎዳና ወጣቶች የተሠራውን የጉዞ ፊልም በሚመለከት ያወጣችሁትን ሒስ አንብቤያለሁ። ጸሐፊው ታሪኩ መድረሻ የለውም ማለታቸው አላሳመነኝም።

ባሕር ዳር መናኸሪያ አጠገብ ለምንኖር ሰዎች ይህ ጉድለት ሳይሆን እውነት ነው። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ የአዲስ አበባ አውቶቡሶች ሞተራቸውን ሲያስነሡ፣ ካርቶን አንጥፈው ያደሩ ልጆች ሻንጣ ለመሸከም ብድግ ይላሉ። አንዱን አገሩ የት እንደሆነ ብጠይቀው፣ የተኛበትን የማዳበሪያ ከረጢት አራት እጥፍ እያጠፈ መጀመሪያ ደጀንን፣ ቀጥሎ ወረታን ጠራልኝና ዝም አለ። ለእንዲህ ያለ ልጅ የተዘጋጀ መጨረሻ መስጠት እርሱን መዋሸት ይመስለኛል።

ሒሱ ርኅራኄ ላይ ብቻ መቆሙም ቅር አሰኝቶኛል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት የወላጅ ወይም የአሳዳጊ እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳላቸው ደንግጓል፤ ስለዚህ ጉዳዩ የምጽዋት አይደለም።

ፊልሙ በሙሉዓለም የባህል ማዕከል በነፃ ይታይ። የፊት ወንበሮች ለመናኸሪያውና ለጣና ዳርቻ ልጆች ይያዙ። ከፊልሙ በኋላም የከተማው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ባለሙያዎች ወደ ቤተሰባቸው መመለስ የሚፈልጉትን እዚያው አዳራሹ ውስጥ ይመዝግቡ።

አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር