የሥነ ምግብ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ስድስት ወቅት፣ አምስት ድስት

ክበባችን ዘንድሮ የጎመንና የካሮት ሥዕል መለጠፉን ትቶ ዓመቱን ሙሉ አንድ ርዕስ ይዞ ከረመ፤ የህንዶቹ ጥንታዊ የሕክምና ትምህርት አዩርቬዳ በየወቅቱ ምን ይበላ ይላል? ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አባቴ ሒሳብ ስላስተማሩት ህንዳዊ መምህር ሲያወራ ነው ያደግሁት።

ትምህርቱ በሳንስክሪት «ሪቱቻርያ» ይባላል፣ የወቅት አኗኗር እንደ ማለት ነው። ጥንታዊው የሕክምና መጽሐፍ ቻራካ ሳምሂታ ዓመቱን እንደ እኛ በአራት ሳይሆን በስድስት ይከፍለዋል፤ ለያንዳንዱ ሁለት ሁለት ወር። እኛም ለየወቅቱ አንድ ድስት ልንሠራ አሰብን። ሁሉም ነገር የሚዞረው «አግኒ» በሚሉት የሆድ እሳት ዙሪያ ነው። በብርድ ይነዳል፣ ከባድና ቅባት ያለው ምግብ ይችላል፤ በዝናብ ጊዜ ግን ይደክማል።

ችግር የገጠመን ኅዳር ላይ ነው። መጽሐፉ ወተትና ቅቤ ብሉ የሚልበት ወር ለአብዛኞቹ ልጆች የነቢያት ጾም ሆነ! ስለዚህ ድስታችንን ወደ ጥር 6 ገፋነው። በዚያ ሰሞን በህንዷ ማሃራሽትራ ግዛት ውስጥ የማካር ሳንክራንቲ በዓል ይከበራል፤ የተቆላ ሰሊጥ ካልተጣራ የአገዳ ስኳር ጋር ተድቦልቡሎ «ሰሊጡን ውሰድ፣ ጣፋጭ ተናገር» እየተባለ ይታደላል። የመጀመሪያው ስኳር አርሮብን ድስቱን ለሁለት ቀን ዘፈዘፍነው። ሁለተኛው ግን ቤተ መጻሕፍት ድረስ ሸተተ።

የዓመቱ ትልቁ ቀን መጋቢት 24 ነበር። ኡጋዲ፣ አንድራ፣ ቴላንጋናና ካርናታካ በሚባሉት የህንድ ግዛቶች የሚኖሩ ሰዎች አዲስ ዓመት፣ እሑድ መጋቢት 21 ውሎ ነበር፤ እኛ ረመዳን ወጥቶ ዒዱ እስኪያልፍ ጠበቅን። ፓቻዲ የሚሉት የዚያ ቀን ምግብ ስድስቱን ጣዕም በአንድ ሳህን ይይዛል፤ ስኳሩ ይጣፍጣል፣ ሁመሩ ይኮመጥጣል፣ ጨው አለ፣ ቃሪያው ያቃጥላል፣ ያልበሰለው ማንጎ ምላስ ይይዛል፣ ኒም የሚባለው ዛፍ አበባ ይመራል። የጾም ምግብ መሆኑ ደግሞ ለእኛ በጀን። አበባ ስላላገኘን አንዲት ተማሪ ከድሬዳዋ ዘመዶቿ ያስላከችውን ቅጠል ተጠቀምን፤ አንዱ የ10ኛ ክፍል ልጅ እፍኝ ሙሉ ጨመረበት። ርዕሰ መምህራችን አንድ ማንኪያ ቀምሰው ዝም አሉ። ከዚያ ውሃ ጠየቁ።

ማር ላይ ደግሞ ክፉኛ ተከራከርን። አዩርቬዳ የሞቀ ማር መርዝ ነው ይላል። ልጆቹ ሳቁ፤ ጉንፋን ሲይዛቸው እናቶቻቸው የሚያጠጧቸው ዝንጅብልና ማር በፍል ውሃ ነዋ። የባዮሎጂ መምህራችንም «ሻይ ያሞቀው ማር መርዝ አይሆንም» ብለው ፈረዱላቸው። እኔም ከእሳቸው ጋር ነኝ፤ ክበባችን ክሊኒክ አይደለምና ማንም ልጅ ይህን ትምህርት በመድኃኒት ምትክ እንዳይዝ ደጋግሜ ተናግሬአለሁ።

ግንቦት ላይ የበጋቸውን ምግብ ሳነብላቸው፣ «ተቆልቶ የተፈጨ እህል፣ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ፣ ስኳር ተጨምሮበት» ከማለቴ ከኋላ ወንበር «በሶ ነው!» የሚል ጩኸት ተሰማ። አልተሳሳቱም። በህንዷ ቢሃር ግዛት ዛሬም ሳቱ እያሉ ይጠጡታል፣ በብዛት የሚሠራው ግን ከሽምብራ ነው። በጠበጥነው። ዴልሂ ከ40 ዲግሪ በላይ በምትነድበት ወር እኛ ሹራብ ለብሰን፣ ውጭ እየዘነበ፣ ቀዝቃዛ በሶ ስንጠጣ የሚያስቅ ነገር ነበረው። አንዲት ልጅ «ታዲያ ለምን እንከተላቸዋለን?» አለች። መልሱ እዚያው ምዕራፍ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ለሰው የሚስማማው የአገሩን ጠባይ የሚያለዝብለት ምግብ ነው ይላል። በሶውን በሙቅ ውሃ ደገምነው።

የጥቅምቱንና የየካቲቱን ድስት አላነሳሁም፤ ብዙ የሚወራላቸው አልነበሩም።

ስድስተኛው ቀርቶብናል። ቫርሻ፣ የዝናቡ ወቅት፣ የሚገባው ሐምሌ መጀመሪያ ሳምንት ላይ ነው፤ ያኔ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። አሮጌ እህል፣ ሾርባ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ የሚታዘዝበት እሱ ነበር። የክበባችንን ደብተር የ11ኛ ክፍሏ ጸሐፊያችን ይዛው ሄዳለች፤ ክረምቱን የምታሳልፈው ጎጃም፣ አያቷ ዘንድ ነው።