የሚዛኑን ድራይቨር ለምን እንደቀየርነው

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ለገና ዋዜማ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት፣ ሚዛናችሁ ከኮምፒውተሩ ጋር አልናበብ ብሎ ዋለ። ሳንነግራችሁ በዚያ ቀን ፕሮግራሙን ማደስ አልነበረብንም። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ድራይቨሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከሚዛኑ ጋር የሚነጋገርበትን ፕሮግራም፣ ለመቀየር መወሰናችን ግን ስህተት አልነበረም። «ገንዘብ ፈልጋችሁ ነው» ያላችሁን አላችሁ። እሱ ከሁሉም በላይ ከብዶኛል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ።

አሮጌውን ድራይቨር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሥራ ስንጀምር፣ ፒያሳ በነበረችን ጠባብ ክፍል፣ ሌሊት ሌሊት። ከርነል የሚባለው የሊኑክስ ሥርዓት እምብርት ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያውን ሲሪያል ፖርት፣ የሚዛኑ ገመድ የሚሰካበትን፣ በአድራሻው፣ 3ኤፍ8 በሚባለው፣ በቀጥታ ያነብ ነበር። ኮርቼበት ኖሬያለሁ። ግን ያ ፖርት ባለቤት አለው። ከርነሉ ለዚያው አድራሻና ፖርቱ «መረጃ መጣ» ብሎ ለሚጣራበት መስመር፣ ለአይአርኪው 4፣ የራሱ ድራይቨር አለው። ሌላ ፕሮግራም ፖርቱን በከፈተ ቁጥር ሁለቱ ይሻሙ ነበር። የፖርቱ ቺፕ ከሚዛኑ የመጣለትን የሚያቆየው 16 ባይት፣ ማለትም 16 ፊደል ወይም አኃዝ ያህል፣ ብቻ በምትይዝ ቦታ ነው። አንዱ ያነበበው ቁጥር ከዚያ ይወጣል፤ ሌላው አያገኘውም። አንድ ሥጋ ቤት 12.5 ኪሎ ሥጋ 2.5 ተብሎ ተመዘገበ። አንዷን ቁጥር ሌላኛው ወስዷታል። ኪሳራውን ከኪሴ ከፈልኩ፤ እንቅልፌ ግን አልተመለሰም።

አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ደግሞ አብዛኞቹ ሲሪያል ፖርት የላቸውም። የሲሪያል ገመዱን ከዩኤስቢ ጋር በሚያገጥም መቀየሪያ የሚገናኝ ሚዛን 3ኤፍ8 ላይ ፈጽሞ አይገኝም።

አሁን ከከርነሉ ወጥተናል። ፕሮግራማችን ፖርቱን እንደ ፋይል ከፍቶ፣ ሌላ እንዳይገባበት ቆልፎ፣ የቀረውን ለከርነሉ ድራይቨር ይተዋል። መጀመሪያውኑ እንዲህ መሠራት ነበረበት።

የምናስከፍለው ለመቀየሪያው ብቻ ነው፤ እሱንም ሲሪያል ፖርት ለሌላችሁ። የእጅ አንጠይቅም፣ ትርፍም አልጨመርንም። ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ሳለ መቀየሪያውን በነፃ እንሰጥ ነበር። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዶላሩ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የአራት ኪሎው ኪራይም ከፒያሳው ጋር አይወዳደርም። ብንችል ኖሮ ዛሬም በነፃ እንሰጣችሁ ነበር።

ከፒያሳ ስንነሳ ዕቃችንን አብራችሁን የተሸከማችሁ አላችሁ። ያን ቀን አልረሳሁትም።

ልጆቹ ከሥጋ ቤቶችና ከዳቦ ቤቶች ጀምረው በየተራ ይመጣሉ። እስኪደርሱ ሚዛኑ የሚያሳየውን በእጅ አስገቡ። እባካችሁ፣ አሮጌውን ድራይቨር ከፍላሽ መልሳችሁ አትጫኑ።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት
አራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ